ስልሳ ሜትር

«ቅጹን ነገ ይዘሽልኝ ነይ፤» አለ የስፖርት አስተማሪው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሩጫሽን ሰዓት አሥራ አራት ደቂቃ ከአርባ አምስት ሰከንድ ብዬ እሞላዋለሁ። ርቀቱን እንደሁ አባትሽ ነው የለካው። ነፍሱን ይማረውና፣ የእሱን ልኬት ማን ይጠራጠራል?»

ልጅቷ ፔርሙዙን እንዳዘነበለች ቀረች። ቡናው ከስኒው አልፎ መፍሰስ ሲጀምር አስተማሪው ራሱ እጇን ቀና አደረገላት።

«አይዞሽ። ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ እንዳትረሺው ብዬ ነው እንጂ ልቅሶ ቤት የሚወራ ነገር አልነበረም።»

አልነበረም። ግን ረቡዕ ነው፤ ሰውየው ከሞተ አራተኛው ቀን። በአራተኛው ቀን ልቅሶ ቤት ምን የማይወራ አለ? እሁድ ሲንሰቀሰቅ የነበረው ሁሉ አሁን ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ቤት ኪራይ ይጫወታል። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በተሰበሰቡ ወንበሮች ተጣቧል። በሩ አጠገብ የሟች ታላቅ እህት ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቢደክምም ጆሮዋ ምንም አላመለጠውም።

«የምን ቅጽ ነው እሱ?»

«የጦር አካዳሚው ነው፣ አክስቴ።»

«ወይ ጉዴ! የወንድሜ አፈሩ ሳይደርቅ? እናቷ ትጨነቅበት እንጂ እኔን ምን አገባኝ፤» አለች አክስት። አለችና ቀኑን ሙሉ አገባት።

እናትየው ጥግ ላይ ካለችበት ወንበር ሰማች። ከእሁድ ወዲህ ለማንም ምንም አላለችም።

ልጅቷ ስኒዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። ቅጹ መኝታ ቤቷ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስድስት ገጽ ሙሉ ተሞልቶ፣ አስተማሪው ከሚሞላው ሰዓት ሌላ አንዲት መስመር ብቻ ባዶ ቀርታለች፤ «ርቀቱን የለካው ሰው ስምና ፊርማ» የምትለው። አባቷ ቅዳሜ ዕለት ሳይፈርም የተዋት ያችን መስመር ነው። ከእሁድ ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የእሷ ዓይን ደርቆ የቀረውም በዚያ ምክንያት ነው። ተቆጥታው ነበር፣ ቁጣዋ ሳይበርድ ሞተባት።

አባቷ ቀያሽ ነበር፤ መንገድና መሬት ሲለካ የኖረ ሰው። ሰፈርተኛው ከጀርባው «ሴንቲ» ነው የሚለው፤ እሱም ያውቃል፣ ደስም ይለዋል። «ገደማ» የሚባል ቃል ቤቱ አያስገባም። ሱቁ ሩቅ ነው ወይ ብሎ የጠየቀው እንግዳ «ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር» የሚል መልስ ይዞ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ከጎረቤት ጋር ያለውን አጥር ሲለካ የራሱ አጥር አንድ ስንዝር ገፍቶ ቢያገኘው፣ ጎረቤትየው «ተወው በናትህ» እያለ እየለመነው ነቅሎ መልሶታል። ሚስቱ ሳምንት አኩርፋዋለች።

ከዘጠኝ ወር በፊት እራት ላይ «እጩ መኮንን መሆን እፈልጋለሁ» ስትል እናቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ያለችኝ አንድ ልጅ ናት፤» አለች፣ ልጅቷ አጠገቧ እንደሌለች ሁሉ። እሱ ግን «ማመልከቻው ስንት ገጽ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ መሥሪያ ቤት ሆነ። ቅጹን እንደ መሬት ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አነበበው። የሂሳብ ውጤቷ ሰማንያ ስምንት ነው፤ ከዘጠና በላይ መውጣት አለበት። ስሟ ብቻ የተመዘገበበት የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ክበብ አለ፤ «ወይ ግቢበት ወይ ስምሽን አስፍቂ» አላት። ገባችበት፣ ሐምሌ ላይ ሰው ታሠለጥን ጀመር። የድጋፍ ደብዳቤ ከርዕሰ መምህሩ ልታጽፍ ስትሄድ ከመንገድ መለሳት። «እሱ ያውቅሻል እንዴ? አንድ ጊዜ የጣለችሽን የሂሳብ አስተማሪ ለምኛት። ወድቀሽ ስትነሺ ያየችሽ እሷ ናት።» ድርሰቷንም በእርሳስ ነው ያነበበው። «ከልጅነቴ ጀምሮ» የሚለውን ሰርዞ ዳር ላይ «ስንት ዓመትሽ ነበር?» ብሎ ጻፈበት።

«አባዬ፣ እንዲህ ካልክ እኮ ማመልከቻዬ ባዶ ይሆናል።»

«ያጥራል እንጂ ባዶ አይሆንም። የቀረው ያንቺ ነው።»

የቀረው ሩጫው ነበር። ሦስት ሺህ ሜትር፣ ከአሥራ አምስት ደቂቃ በታች። አንድ ቅዳሜ ቤት የሚያስቀምጠውን የብረት ሜትር ይዞ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ወዳለው የአፈር መንገድ ወሰዳት። እሷ ጫፉን ችካሉ ላይ ትይዛለች፤ እሱ ጥቅልሉን እየፈታ ወደፊት ይሄድና «ያዝሽ?» ይላል፣ «ያዝኩ!» ትላለች። ሃምሳ ሜትር፣ ሌላ ሃምሳ፣ ስልሳ ጊዜ። በየመሃሉ ያፏጫል። «የኔ ጄኔራል፣ ቀጥ በይ እንጂ!» ይላታል። እንደዚያ ቀን ሲደሰት አይታው አታውቅም። ከፋብሪካው በር የተነሳው ልኬት የውሃ ፓምፑ ቤት ግድግዳ ላይ አለቀ።

ስምንት ወር ሮጠች። ባለፈው ሐሙስ አስተማሪዋ ሰዓት ይዞላት አሥራ አራት ከአርባ አምስት ገባች። ቅዳሜ ከሰዓት ቅጹን አምጥታ አባቷ ፊት ዘረጋችው። እስክሪብቶ አነሳ። መልሶ አስቀመጠው።

«ሰኞ እፈርማለሁ።»

«ለምን ሰኞ?»

«አንድ የማጣራት ነገር አለኝ።»

ፊቱን አየችው፤ ዓይኗን አላይ አላት። «እማዬን ፈርተህ ነው! አትሂጂ ማለት ከፈለግክ ፊት ለፊት በለኝ!» ብላ በሩን ወርውራ ወጣች። እሁድ ጠዋት ጫማውን ሲያስር ልቡ ቆመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜትር ያዡ መጣ። ሠላሳ ዓመት ከአባቷ ጋር የሜትር ጫፍ ይዞ የኖረ ሽማግሌ ነው። እናትየውን «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ጥቂት ተቀመጠና፣ ልጅቷ ጓሮ ስኒ ወደምታጥብበት መጣ።

«አለቃዬ ነግሮሽ ነበር? የሜትሩን ነገር?»

«የቱን ሜትር፣ ጋሼ?»

«ኤጭ! አልነገረሽማ።» ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። «እቤት ያለው ሜትር መሥሪያ ቤት ያስወገደው ነው። መኪና ሄዶበት የመጀመሪያዋ አንድ ሜትር ተቆርጣለች። ጫፉ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው እንጂ ዜሮ አይደለም። በእሱ ስንለካ አንዷን እንቀንሳለን፤ አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው። የሚነግረው ደግሞ አባትሽ ነው።»

የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች። ያን ቀን የተቆረጠውን ጫፍ የያዘው የራሷ አውራ ጣት ነበር። ቁጥሩን ሸፍኖት ይሆናል።

«እንግዲህ ሃምሳ ብሎ የጠራው ሁሉ አርባ ዘጠኝ ነበር፤» አለ ሜትር ያዡ። «ስንት ጊዜ ጣላችሁት?»

«ስልሳ ጊዜ።»

ሌላውን ራሷ አሰላችው። ስልሳ ሜትር ይጎድላል። በእሷ እግር አሥራ ስምንት ሰከንድ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ከሦስት።

«ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሜትሩን ልዋስ መጥቼ 'ይሄ ቆራጣው አይደል?' ስለው ፊቱ አመድ መሰለ። 'በዚህ ነው የለካሁላት' አለኝ። አንተ ሰውዬ እንዴት? ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'ሜትሩን መች አየሁትና፤ እሷን ሳይ ነበር።' ሰኞ አብረን ሄደን ልናስተካክለው ተቀጣጥረን ነበር። 'እስከዚያ ምን ብዬ ልንገራት' እያለ ሲጨነቅ ነው ትቼው የሄድኩት።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ሳሎን ያሉት እስኪሰሙ ድረስ አለቀሰች። ሽማግሌው እስኪወጣላት ጠበቃት።

«የምናውቀው እኔና አንቺ ነን፤» አለ በመጨረሻ፣ መሬት መሬት እያየ። «ዝም በል ካልሽኝ መቃብር ይዤው እወርዳለሁ።»

ዝም በሉ ልትለው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ስልሳ ሜትር ምንድን ነው? ማንን ይጎዳል? አካዳሚውን ከአምና ጀምሮ በሕልሟም በእውኗም ታየዋለች። ግን ነገ አስተማሪው ያችን ባዶ መስመር ሲሞላ የሚጽፈው የአባቷን ስም ነው። በሕይወት እያለ ያልፈረመውን ሞቶ ልታስፈርመው ነው።

«መሥሪያ ቤት ደህና ሜትር አለ፣ ጋሼ?»

«ሞልቶ።»

ማታውን ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት፤ ነገ ጠዋት ወጥቼ ልለካና ልሩጥ አለች። አክስት እንደተለመደው ሰማች። «በቁምጣ? በሐዘን ቤት? ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል፤» አለች እናትየው። ሁለቱም ደነገጡ፤ ድምፅዋን ከሰሙ ሰንብተዋል። «አባቷ ሳይጨርሰው የሄደ ሥራ ነው።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «እንድትሄጂብኝ አልፈልግም፤ እሱን እወቂው። ግን በአባቷ ስህተት ቀረች እንዲባልም አልፈልግም።»

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ከፋብሪካው በር ጀመሩ። «ስልሳዋን ብቻ ብንጨምርስ?» ብላ ነበር። ሜትር ያዡ ተቆጣ። «አለቃዬ ቢሆን ከመጀመሪያው ነው።» እሱ ዜሮውን ያዘ፤ እሷ ጥቅልሉን እየፈታች ከፊት ሄደች። የመጀመሪያውን «ያዙ?» ስትል ድምፅዋ አልወጣ አላት። «ያዝኩ!» አለ ሽማግሌው ከኋላ፣ እንደሰማ ሆኖ። በሃያኛው ላይ ድምፅዋ ተስተካከለ። ስልሳኛው የፓምፑን ቤት አልፎ ምንም የሌለበት ሜዳ ላይ አለቀ። እዚያ ችካል መታች።

ማታውኑ የተጠራው አስተማሪ ከፋብሪካው በር ሰዓቱን አስጀምሮ አስነሳት፤ በብስክሌቱ ቀድሟት ችካሉ ጋ ቆመ። ሮጠች። ጠዋት ቁርስ አልቀመሰችም፤ አራት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። የፓምፑን ግድግዳ ስታልፍ ሌላ ጊዜ የምትቆምበት ቦታ ነበርና እግሯ ቁሚ ቁሚ አላት። የቀረውን ስልሳ ሜትር አባቷን እየተጣራች ነው የጨረሰችው።

አስተማሪው ሰዓቱን አይቶ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ። «አሥራ አምስት ከአራት። እንደው አራት ሰከንድ ምን ናት? ጣቴ ነው የዘገየው።»

«ጣትዎ አልዘገየም፣ ቲቸር።»

«ከአሥራ አምስት በላይ የሆነውን አብዛኛውን አይጠሩትም እኮ።»

«አውቃለሁ። ያዩትን ይጻፉልኝ።»

ጻፈላት፣ ፈረመም። ቅጹን ለሜትር ያዡ ሲያቀብለው ግን ሽማግሌው እጁን ወደ ኋላ አደረገ። «እኔ ጫፍ ያዥ ነኝ። ከፊት ሆኖ ያነበበ ነው የሚፈርመው፤ ሠላሳ ዓመት ደንቡ ይኸው ነው።»

ቤት ስትደርስ ለቀስተኞች መምጣት ጀምረዋል። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ስኒዎች ገፋ አድርጋ ቅጹን ዘረጋች። እናቷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስንት?»

«አሥራ አምስት ከአራት።»

እናትየው ወሰኑን ታውቃለች፤ ዘጠኝ ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ቁጥር እንዲመጣ ነው አምላኳን ስትለምን የኖረችው። ልጅቷ እናቷ ፊት ላይ እፎይታ ፈለገች፣ አጣች።

«ለከርሞስ ይቀበላሉ?»

«ይቀበላሉ።»

«እንግዲያው ሰዓቱን እኔ ነኝ የምይዝልሽ። አያያዙን ታሳዪኛለሽ።»

ልጅቷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እስክሪብቶውን አነሳችና «ርቀቱን የለካው ሰው» ከሚለው አጠገብ ስሟን ጻፈች። ከስሟ ቀጥሎ፣ በደብተሯ ሁሉ ላይ ሺህ ጊዜ ልብ ሳትለው እንደጻፈችው፣ የአባቷን ስም ጀመረች። እያንዳንዱን ፊደል ቀስ ብላ፣ ጫፉን ከጫፍ እያገናኘች ጻፈችው። የመጨረሻውን ፊደል ከጨረሰች በኋላም እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችውም።