ከኮሶው ሥር የቆመው ሰው

አቶ ምህረቴ ጣታቸውን ሸራው ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ ፀደይ ፈጥና እጃቸውን ያዘች።

"አልደረቀም አባዬ፤ ቀለሙ ይይዝዎታል።"

"ይሄ እኔ ነኝ?"

"እርስዎ ነዎት። አልመሰለም?"

አባቷ ራሳቸውን አዩና ሳቅ አሉ። በሥዕሉ መካከል የገብስ ነዶ አቅፈው፣ ማጭዳቸውን ይዘው፣ ቀና ብለው ፊት ለፊት ያያሉ። ከግራና ከቀኛቸው የደቦው ሰው አጎንብሶ ያጭዳል። ፀደይ እንጅባራ የሥዕል መምህር ሆና ከተቀጠረች ወዲህ እንደዚህ ፊት የለፋችበት ነገር የለም። የግንባሩ መስመር እሺ ሲላት ዓይኑ እምቢ እያለ፣ ክረምቱ በዚያ ፊት ላይ አለቀ። ከሰዓት በኋላ የባህል አዳራሹ ኃላፊ ሀብቱ በባጃጅ መጥቶ ሥዕሉን ሊወስደው ነው። ሌላ ሰው ሳያየው እሳቸው ይዩት ብላ ነው አባቷን ከአዲስ ቅዳም ማዶ ያስመጣቻቸው።

"ዓለምነው ይኸው። በቀለችም ይችውት፤ እዚህም ወሬ ይዛለች" እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ለዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ኋላ፣ ወደ እርሻው ጫፍ ሄደ። "ከኮሶው ሥር ያለውስ?"

"መንገደኛ ነው። ፎቶው ላይ ስለነበረ ነው የሳልሁት፤ ከበስተኋላው ባዶ እንዳይሆን።"

ፎቶውን ያነሳችው ራሷ ናት፤ የዛሬ ሦስት ዓመት ለደቦው ምሳ ያደረሰች ጊዜ፣ በስልኳ። ሰውየው ፎቶው ላይ ከጥፍር አይበልጥም።

የአባቷ ፈገግታ ጠፋ።

"ማጭዱን በግራው ይዟል።"

"አዎ፣ ፎቶው ላይም እንደዚያ ነው።"

"እግሩን ግንዱ ላይ አስደግፏል። እስኪ ፎቶውን አምጪው።"

ስልኳን ከፈተች። ምስሉ ባሰፋችው ቁጥር ይደበዝዛል፤ ቡናማውን ኮት ግን አሁን አወቀችው። ወንድሟ ሊያገባ ሲል ዳንግላ አብራው ሄዳ የመረጠችው ኮት ነው። ክረምቱን ሙሉ የማንም ኮት መስሏት ስትቀባው ከርማለች።

"ደረሰ ነው" አሉ አባቷ።

ደረሰ ታላቅ ወንድሟ ነበር። ጎጆ ሲወጣ ከአባቱ የተሰጠውን የገብስ መሬት እንዳለ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ የሚሉት ዛፍ ተከለበት። አገሩም እንደዚያው አድርጓል። አቶ ምህረቴ ግን "አባቶቼ የጎረሱበትን መሬት ጥላሸት አደረገው" ብለው አኮረፉ፤ ኩርፊያ ደግሞ ሲቆይ ሥር ይሰዳል። ለደቦው ሰፈሩን ዞረው ሲጠሩ የልጃቸውን ደጅ አለፉት። በእሳቸው ቤት፣ ልጅ ለአባቱ አዝመራ አይጠራም፤ ቤቱ ነውና ማጭዱን ይዞ ይመጣል። በደረሰ ቤት ደግሞ፣ ጎጆ የወጣ ሰው አባወራ ነው፤ አባወራ ሳይጠሩት ደቦ አይገባም፤ የተጣላማ ጭራሽ። ያን ዕለት ልጁ ቀረ ተባለ። ያየው ሰው ካለም በአባቱ ፊት ስሙን የሚያነሳ አልነበረም። ለገና ደረሰ ሽማግሌ ቢልክባቸው "ለአዝመራዬ ያልመጣ ለዕርቅ ምን ይሠራል?" ብለው በባዶ መለሷቸው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሰል የጫነ መኪና ጥሊሊ አጠገብ ተገለበጠ። ደረሰ ከጭነቱ ላይ ነበር።

"መጥቶ ነበር" አሉ አቶ ምህረቴ። "ለማየት የመጣ ሰው ማጭድ አይዝም።"

"አባዬ፣ ይቀመጡ።"

"አንድ ጊዜ ዘወር ብል ኖሮ እኮ አየው ነበር። ቀና ያልሁት አንቺ 'ወዲህ ይዩ' ስትይኝ ብቻ ነው። 'ና' ብለው ይመጣ ነበር።"

"አላወቁማ።"

"ሽማግሌ ሲልክስ? ያኔስ አላወቅሁም?"

አባቷ ሲከፋቸው አማርኛው ይጠፋቸዋል። ወደ ሸራው ጠጋ ብለው በአዊኛ አንዲት ቃል አሉ፤ ለደቦ የሚጠሩባት፣ "ና" ማለት ናት። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሟት። ፀደይ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ወንድሟ በተቀበረ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም።

"ወደ ፊት ላምጣው" አለች በመጨረሻ። "ከጎንዎ አድርጌ ልሣለው። አብሯችሁ ይጨድ።"

"አይሆንም። አልጠራሁትማ። ሳይጠሩት የሚገባ ልጅ አልነበረም።" ጣታቸውን ወደ ገዛ ምስላቸው ቀሰሩ። "እኔን ግን አዙሪኝ።"

"ወዴት?"

"ወደሱ። ልየው።"

ፀደይ ሥዕሉን አየች። ወደ ኮሶው ከዞሩ ለሚያያቸው ሰው የሚቀረው ጀርባቸው ብቻ ነው።

"ፊትዎ ይጠፋል እኮ አባዬ። ሰው ፊትዎን አያይም።"

"ፊቴ ለሰው ምን ይሠራለታል? ሊያየው የቆመው አላየውም።"

በር ላይ ባጃጅ ቆመ። ፀደይ ዓይኗን ጠርጋ ወጣች። ሀብቱ ሥዕሉን የሚሸፍንበት ብርድ ልብስ ይዞ ወርዷል።

"ዛሬ አይደርስም" አለችው።

"ትናንት አልቋል ብለሽኝ አልነበር?"

"አላለቀም፤ ይቅርታ።"

ሀብቱ እያጉረመረመ ተመለሰ። ስትገባ አባቷ ወንበራቸውን ከሸራው ፊት ስበው ተቀምጠዋል፤ የሚያዩት ኮሶውን ነው። ነጩን ከጥቁሩ ደባልቃ፣ ፊቱን የሚሸፍነውን የሽበታቸውን ቀለም ሠራች። ሰፊውን ብሩሽ አነሳች።

ክረምቱን ሙሉ እምቢ ሲሏት ከነበሩት፣ ከዓይኖቹ ጀመረች።