ጫጩቶቹን ማን ይሰብስብ

እህቴ የበላችበትን ወጪት ሰባሪ ናት። ይህን የምለው ተናድጄ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄም ነው።

ድሮ አብረን ነበር የምናስተምረው። ጉልበቴ ከተጎዳ ወዲህ መዝለል ስለማልችል ለትንንሽ ልጆች የባሌት ዳንስ የማስተምረው በአፌ ነው። ልጅን «ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጀርባሽን አቅኚ» ብትሏት እንደ ወንበር ትገተራለች። እኔ ግን «ሻማ ናችሁ፤ ተለኮሳችሁ፤ በሉ ቀስ ብላችሁ ቅለጡ» እላቸዋለሁ፤ ጉልበቱ ሳይታዘዝ ይታጠፋል፣ ጀርባውም ቀጥ እንዳለ ይወርዳል። እኔ እናገራለሁ፣ ታናሽ እህቴ በጤነኛ እግሯ ታሳያለች። አንዳችን አፍ፣ አንዳችን እግር ሆነን ኖርን።

አንድ ቀን እግሩ ብቻውን ሄደ። እዚያው መንገድ ጫፍ ላይ ግድግዳው ሙሉ መስታወት የሆነ አዳራሽ ከፈተችና እናቶቹን ሰብስባ፣ «እታለም ተረቷን ታውራ፤ ዳንስ የሚማሩት እኔ ጋ ነው። አንካሳ ዝላይ አያስተምርም» አለቻቸው። አንካሳ! የዚህን ጉልበት ፋሻ ስትቀይርልኝ የኖረችው ራሷ ነች። ከልጆቹ የሚበዙት ተከትለዋት ሄዱ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔም አልረሳሁም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ልጇን ቅዳሜ ቅዳሜ ትልክልኛለች፤ «አክስቷ ትናፍቃታለች» እያለች። የፊት ጥርሷ መሃል ክፍተት ስላለ ልጅቷን ፍንጭት እንላታለን። እኔንም ትናፍቀኛለች፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

አንድ ቅዳሜ የዳንስ ጫማዋን ሳስርላት፣ «አክስቴ፣ እማዬም እኮ ሻማ ናችሁ ትለናለች» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ስነግራት ነዋ! ቤት ስገባ ‘ዛሬ ምን ምን ሆናችሁ ዋላችሁ?’ ትለኛለች።»

እጅ ከፍንጅ። ተረት ብላ የናቀችውን በገዛ ልጇ አፍ ታስሰርቀኝ ኖሯል። ጫማውን አሰርኩ፣ ግንባሯን ሳምኩ።

የዓመቱ የልጆች ትርኢት ደረሰ። ሁለታችንም በአንድ መድረክ ነው የምናቀርበው፤ የእሷ ተማሪዎች ይቀድማሉ፣ የእኔ ይከተላሉ። በዋዜማው ፍንጭት መጥታ፣ «እማዬ ‘ዝም ብላችሁ ቁሙ!’ እያለች ትጮኻለች፤ ማንም አይቆምላትም። አንዷማ አፍንጫዋን ትጎረጉራለች» ብላ አጫወተችኝ።

እኔ ለዚህ መድኃኒት አለኝ። «እግራችሁ ዙሪያ ጫጩቶች ተኝተዋል፤ እንዳትረግጧቸው» ስላቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ይቆማሉ። ነገር ግን ጫጩት ያስተኛ ሰው መሰብሰብም አለበት፤ አለዚያ ልጅ ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ምላሴን እንደ እናት ዶሮ ቋ ቋ አደርገዋለሁ፤ ጫጩቶቹ ተንጫጭተው ወደ እኔ ይሮጣሉ፤ ወለሉ ባዶ ሲሆን ልጆቹ ይዘላሉ።

ያን ቀን ለፍንጭት ጫጩቶቹን ሰጠኋት። «ይቺ አንገቷን ክንፏ ስር ቀብራለች፤ ይሄኛው ነገረኛ ነው፣ ቀስ በይ» እያልኩ አንድ በአንድ አሳየኋት። እናቲቱን ዶሮ ግን ለራሴ አስቀረሁ። ፍንጭት በጣቶቿ ጫፍ እየተራመደች ወደ ቤቷ ሄደች፤ እኔም ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያልኩ በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ልጆቼን ይዤ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። መጋረጃው ሲከፈት የእህቴ ልጆች እንደ ሐውልት ቆመዋል፤ አፍንጫ የሚጎረጉር የለም፤ እናቶች በአድናቆት አጨበጨቡ። ሙዚቃው የዝላዩ ቦታ ላይ ደረሰ። ማንም አልዘለለም። አንዷ እግሯን አነሳች፣ ወደ ታች አየች፣ መልሳ እዚያው አኖረችው።

«ዝለሉ!» አለች እህቴ ከመጋረጃው ጀርባ።

«ጫጩቶቹስ?» አለ አንዱ ልጅ ጮክ ብሎ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እህቴ በመጋረጃው ጥግ ብቅ ብላ ዓይኔን ፈለገች፤ ስታገኘው ገባት። «እታለም፣ ባክሽ» ስትል ከከንፈሯ አነበብኩ። አንድ ጊዜ ቋ ማለት ይበቃ ነበር። ምላሴ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ልጆቹ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔ አሁንም ዋጥኩት።

ያኔ እህቴ እጇን ዘርግታ በቅርብ ያገኘቻትን ልጅ ወደ መሃል ገፈተረች። የገፈተረቻት ፍንጭትን ነበር። ፍንጭት ተንገዳገደች፣ እግሯ ወለሉን መታ፣ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከእግሯ ስር አንድ ነገር በሁለት እጇ አነሳችና ይዛው ከመድረኩ ወጣች። መጋረጃው ተዘጋ።

ተራችን ስለነበር ልጆቼን አሰልፌ ወደ ጀርባ ገባሁ። እህቴ መተላለፊያው ላይ ጠበቀችኝ።

«ደስ አለሽ?»

«በጣም! አንካሳዋ ተረት ስታወራ ነበር እኮ፤ ማን ስሚ አለሽ?»

ፍንጭት በመካከላችን መጣች። እጆቿን ገጥማ ይዛለች።

«አክስቴ፣ አንዱን ረገጥኩት።»

ጎንበስ ብዬ ቋ ቋ አልኩ። «ይኸው እናቱ መጣች፣ የኔ እናት። ስጫት፣ ትወስደዋለች።»

«አሁን መጥታ ምን ታደርግለታለች? ሞቷል እኮ።»

ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ከንፈሯ ገረጣ። ሌላ ተረት ፈለግሁ፤ እኔ፣ ተረት አጥቼ የማላውቀው! አንድም አልመጣልኝም።

«የውሸት ነው፣ ሆዴ» አልኳት። «ጫጩት የሚባል ነገር የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

እጆቿን ከፈት አድርጋ አየች። መልሳ ገጠመቻቸው።

«አለ» አለችኝ፤ ከእኔም ከእናቷም ርቃ ግድግዳው ስር ተቀመጠች። ለእህቴ አሁንም አላዘንኩም፤ ማን ገፍትሪ አላት? ለልጅቷ ግን አዘንኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዞር ስል ልጆቼ ሁሉ ከኋላዬ ተሰልፈው ያዩኛል፤ እያንዳንዷን ቃል ሰምተዋል። ስማችን ተጠራ። ቦታቸውን አስያዝኳቸውና እንደ ወትሮዬ፣ «ሻማ ናችሁ፤ ተለኮሳችሁ» አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ትንሿ ቀና ብላ፣ «እሱም የውሸት ነው?» አለችኝ።

ሙዚቃው ጀመረ። ጉልበታቸውን አጠፉ፣ ጀርባቸውን አቀኑ። አንዳቸውም አልቀለጡም።