ከቬርና ግድግዳ የጎደለው ጭራ

በቬርና መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ አርባ ሦስት የሸሚዝ ጭራ በምስማር ተመቶ ተሰቅሏል። የሰፈራችን ሕግ ነው። አጋዘን ላይ ተኩሶ የሳተ ሰው በገዛ እግሩ መጥቶ ይናዘዛል፤ ቬርናም የዓሣ መቀሷን አንስታ የሸሚዙን የኋላ ጫፍ ሸርከት ታደርግና ስሙንና ዓመቱን ጽፋ ትሰቅልለታለች። የፓስተራችን እንኳ ሁለት አለ። አንዱ የተቆረጠው እሑድ ጠዋት በስብከት ሰዓት ነው፤ እሱን ዝም እንበለው።

የኔ የለም።

«እኔ አልስትማ!» እያልኩ ሃያ ዓመት ኖርኩ። አንዴማ የወረወርኩት ፍላጻ አጋዘኑን በስቶ፣ በወዲያኛው ጎን ወጥቶ ቆቅ ጥሎ፣ ወንዝ ገብቶ ዓሣ ላይ እንደቆመ፣ የዓሣው ሆድ ሲቀደድም ዓምና የጠፋብኝ ቢላዋ እንደተገኘ ተርኬያለሁ። እውነቱን ግን ደጋን በእጄ ነክቼ አላውቅም። በአደን ወቅት ሥራዬ ድንኳን ውስጥ ወጥ ማማሰል ነበር። ጭራ የሌለው ሰው ደግሞ ከዚያ ግድግዳ ሥር የቱንም ያህል ዘመን ቢቀመጥ እንግዳ ነው። እኔም እንግዳነቴ መሮኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ የሚስቴ የኤልማ አጎት ዋይኖ ጠራኝ። ሰማንያ ሞልቶታል፣ ጉልበቱ ዛፍ መውጣት እምቢ ብሏል። ደጋኑን አምጥቶ ጭኔ ላይ አስቀመጠ።

«በል አርቮ፣ እስቲ ፍላጻውን ግጠምና አሳየኝ።»

ገጠምኩ። ስለቱን ወደ ራሴ አዙሬ።

ዋይኖ ፍላጻውን ከእጄ ወስዶ አዞረው። «የዓሣው ታሪክ ላይ ነበር የጠረጠርኩህ» አለ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ለሰው አይንገሩብኝ።»

«አልናገርም። በሃያ እርምጃ አምስት ፍላጻ ሳህን ላይ ስታሳርፍ ረግረጉ ውስጥ ያለችውን ዛፌን አሳይሃለሁ። ግን አንድ ነገር ትምልልኛለህ። እዚያ የሆነውን አንድ ጊዜ፣ እንደሆነው ትናገራለህ።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ማልኩ።

አጋዘን ከዛፍ ላይ ቁልቁል ነው የሚወጋው፤ ስለዚህ የመኪናዬ ቤት ጣሪያ ላይ ወጥቼ መለማመድ ጀመርኩ። የመጀመሪያው ፍላጻ የኤልማን ጥቅል ጎመን በሳው።

«አቁስለኸዋል!» አለች ከመስኮት። «እንዲህ እየተሠቃየ አትተወው፤ ዱካውን ተከተልና ጨርሰው!»

ሁለተኛው የጎረቤት ጀልባ ላይ አረፈ። ደግነቱ ጀልባዋ ድሮም ቀዳዳ ነበረች፤ አሁን ጓደኛ አገኘች።

ከዚያ የጠረን ጉዳይ መጣ። አጋዘን ሰውን ከሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ያሸታል። ሽንኩርት ተውኩ። በየማታው ሳውና ገብቼ ሽታ በሌለው ሳሙና ቆዳዬ እስኪላጥ ተፋተግሁ። የሱፍ ሸሚዜን ከጥድ ቅጠልና ከአፈር ጋር የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ኤልማ አልጋ ላይ አንድ ጊዜ አሸተተችኝና፣ «ባሌ የት ሄደ? ይሄ ጉቶ ምን ይሠራል እዚህ?» ብላ ወደ ሶፋው አባረረችኝ።

በመስከረም መጨረሻ አራት ፍላጻ ሳህኑ መሀል፣ አንዱ ጠርዙ ላይ አረፈ። «ጠርዝም ሳህን ነው» አለ ዋይኖ፤ አባቴ ሲሞት እንኳ እንደዚያ አላለቀስኩም። ምርኩዙን ይዞ እያለከለከ ረግረጉን አሻግሮ ዛፉን አሳየኝ። ደኑ የሕዝብ ነው፤ አጥርም ባለቤትም የለው፤ ቀድሞ የደረሰ ይቀመጣል። አድፍጬ የምቀመጥባትን ትንሽ ማማ ዛፉ ላይ አሰርኩ፤ ራሴን ደግሞ ከማማዋ በላይ አጥብቄ አሰርኩ።

የወቅቱ መክፈቻ ቀን ማለዳ ማማዬ ላይ ነበርኩ። ፀሐይ ቅጠሉን ስትነካ አጋዘኑ መጣ። ወንድ፣ ቀንዳም፣ እንደ ዳኛ ቀስ እያለ የሚራመድ። ደጋኑን ሳብኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ለቀቅኩ።

ለካ እስከዚያ ቀን የተለማመድኩት በካናቴራ ነው! የደጋኑ ጅማት የሱፍ ሸሚዜን እጅጌ ያዘ፤ ፍላጻው ወደ ሌላ ወረዳ ሄደ። ከሩቅ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አጋዘኑ ቀና ብሎ አየኝና፣ አዝኖልኝ ይመስለኛል፣ በእርምጃ ሄደ። ፍላጻውን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት።

ሌላ ሰው ቢሆን ያለቅስ ነበር። እኔ ግን እየዘለልኩ ቬርና ቤት ገባሁ። «ሳትኩ! ጎበዝ፣ ሳትኩ! ቬርና፣ መቀስሽን አምጪ!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ።

«ቀንዱ ስንት ጫፍ ነበረው?» አለች ቬርና።

«ስምንት።»

«ስምንት ብቻ? አመመህ እንዴ?»

«እግዜርን እውነቴን ነው! እጅጌዬ ይዞኝ...»

«ፍላጻውስ?»

«ጠፋ።»

«ስማ አርቮ፣» አለች መቀሷን ኪሷ እየከተተች፣ «እዚህ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሳተ ሰው ጭራ ነው። በሬ ወለደ አይሰቀልም።»

ጥግ ወደተቀመጠው ዋይኖ ዞርኩ። «ሲለማመድ አይቻለሁ» አለ። «ሲስት ግን አላየሁም። ያላየሁትን አልመሰክርም።»

ሸሚዜ ምንም ሳይሆን ይዤው ቤቴ ገባሁ። ሦስት ቀን ሙሉ ያ ጭራ ከኋላዬ ሲሰድበኝ ከረመ።

ዓርብ ማታ ቬርና ቤት ዓሣ እየበላን ሳለ በሩ በርግጫ ተከፈተ። ፖስታ አመላላሿ ሂልያ ናት። በእጇ ዛፍ ላይ ታስሮ አውሬ ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ ይዛለች፤ የካሜራው ዓይን ውስጥ ፍላጻ ተሰክቷል።

«ዋይኖ!» አለች። «ፍላጻው ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«ስሙ የኔ ነው» አለ ዋይኖ ዓሣውን ሳይተው። «ስህተቱ የሱ ነው።»

አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ። «ሂልያዬ፣ እናቴ፣ አዲስ ካሜራ እገዛልሻለሁ! ብቻ ፎቶውን አሳዪያቸው!»

ቬርና ሚሞሪውን ነቅላ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው። የመጨረሻው ፎቶ መጣ። ከፊት አጋዘኑ። ከኋላው ዛፍ ላይ እኔ፣ አፌን ከፍቼ፣ እጅጌዬ ጅማቱ ላይ ተንጠልጥሎ። ከመሀል ወደ ተመልካቹ የምትመጣ አንዲት ጥቁር ነጥብ። ከዚያ በኋላ ፎቶ የለም።

ቬርና ጣቷን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋ ቆጠረች። «ሰባት ነው። ስምንተኛው የዛፍ ጭራሮ ነው።»

«አንድ ብቻ ነው የጨመርኩት!»

«ለአንተማ ይሄ ምንኩስና ነው» አለችና መቀሷን አወጣች። «ዙር!»

ጭራዬ አርባ አራተኛ ሆኖ ከፓስተሩ የእሑድ ጭራ አጠገብ ተሰቀለ፤ ፎቶውም ከሥሩ ተለጠፈ። አንድ ጊዜ እንደሆነው እናገራለሁ ብዬ ለዋይኖ ምዬ ነበር፤ ተናግሬያለሁ፣ መሐላው አልቋል። ስለዚህ እዚያ ቤት ከገባችሁ ፎቶውን አትመኑ፤ ቀንዱን ሙሉ ለመያዝ ስለጠበበው ነው እንጂ አሥራ ሁለት ጫፍ ነበረው።