የሸሪፋ ቦርሳ

አሮጌ የቆዳ ቦርሳ የምትሰበስብ የካድሬ ሚስት ነበረች። በ1970 ክረምት ሦስት ቦርሳ ይዛ ደሴ ፒያሳ ካለው የቆዳ መስፊያ ሱቄ መጣች።

«ጋሽ ሀምዱ፣ የትኛው ይበልጣል? እስቲ ይዩልኝ።»

የመጀመሪያውን አጠፍ ሳደርገው ቆዳው ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ደህና ነው፤ ግን ስፌቱ የመኪና ነው። ሦስተኛውን ለልጄ ለሸሪፋ በእጄ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ኮምቦልቻ ላይ ይዘው ሲወስዷት ትከሻዋ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች የነገረኝ የለም።

ወላሂ፣ በቆዳ ነገር ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

«ይሄ የማይረባ ነው» አልኳት። «ጀማሪ የሰፋው ነው። እዚሁ ይተዉት፣ ለመጣፊያ ይሆነኛል።»

«ይውሰዱት» አለችና ወረወረችልኝ። «የዚህ ዓይነቱንማ ባለቤቴ በየሳምንቱ ያመጣልኛል።»