በግንቡ ሰፈር «አቤት» የማይባልበት ምክንያት

ሕፃኑን ይስማውን በዚያ ቀትር የጠራው ማን ነበር? እናቱ አትጠገብ ይህን ጥያቄ ስትተኛም ስትነሣም ብታመላልሰው እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችለትም፤ የሰው ሥጋው በመቃብር ቢፈርስም ክፉ ትእዛዙ በኖረበት ምድር ላይ እንደ ጉም አርብቦ ይቀር እንደሆነ፣ እንደ እርሷ ያለች ፊደል በቅጡ ያልዘለቀች ሴት ከየት ታውቀዋለች?

በዚያች ግንበ ብዙ፣ ደብረ ብዙ፣ ጥንታዊትና ግርማዊት ከተማ፣ ስማቸው የሚያስፈራ፣ ዝናቸው የሚያስደነግጥ ሁለት ሰዎች በቀደመው ዘመን በአንድ ጎዳና ላይ ፊት ለፊት ይኖሩ ነበር፤ አንደኛው ፈራጁ ደጃዝማች አምኃ ጽዮን፣ ሁለተኛው ሞት የተፈረደበትን የሚሰይፈው ሰይፈኛው ስንሻው። ደጃዝማቹ ሞት የፈረዱ እንደሆነ አዋጅ አያስነግሩም፤ ከሰገነታቸው ብቅ ብለው «ስንሻው!» ይላሉ። ከማዶም «አቤት!» የሚል ለስላሳና ትሑት ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ የሰፈሩ እናት ሁሉ ልጇን ወደ ጉያዋ ትሰበስባለች። ሁለቱም ሞቱ፣ ሰገነቱም ፈረሰ፤ የሰፈሩ ሰው ግን ያችን ቃል ከአንደበቱ አራቃት፤ ታላቅ ቢጠራው ታናሽ ቢጠራው «ወይ» ብቻ ይላል።

አትጠገብ ከሩቅ አገር የተዳረች ነበረችና ይህን አላወቀችም። ልጇ አፉን ሲፈታ፣ የጨዋ ልጅ ይባልልኝ ብላ፣ «ይስማው!» እያለች ጠርታ «አቤት በል፣ የኔ ጌታ» እያለች አስተማረችው። ጎረቤቷ እትዬ ዘርትሁን ይህን በሰሙ ጊዜ ክው ብለው፣ «ምነው አንቺ ልጅ! እዚህ ሰፈር ለጳጳስም ቢሆን ወይ ነው የምንለው!» አሏት።

«ባለጌ ይሉብኛል እኮ፣ እትዬ።»

«ይበሉዋ! ባለጌም ሆኖ ይኑርልሽ!»

አትጠገብ ሳቀች፤ የአሮጊት ወሬ ነው ብላም ተወችው። ከዕለታት አንድ ቀን ግን፣ ውሻ እንኳ በጥላ ሥር ጸጥ ባለበት፣ ቅጠል እንኳ ባልተነቃነቀበት ቀትር፣ ሕፃኑ ይጫወትበት የነበረውን ጠጠር ጥሎ ወደ ፈረሰው ሰገነት ቀና አለና «አቤት!» አለ። ማንም ሲጠራው ግን አልተሰማም። ወዲያው ገና ያልጸና እግሩ እንደ አዋቂ እግር ጸንቶ፣ ወደ ፍርስራሹ ይሄድ ጀመር። እናቱ ሮጣ ብታቅፈው ሰውነቱ እንደ ድንጋይ ከብዶ፣ ክንዷን እየጎተተ ወደዚያው ያዘነብል ነበር። ዳግመኛ አፉን ሊከፍት ሲል መዳፏን በከንፈሩ ላይ ጫነችና፣ ራሷ ወደ ባዶው ሰገነት «አቤት! እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

ሕፃኑ በቅጽበት ቀለለ፤ እንደ ማንኛውም ሕፃን አለቀሰ። ከፍርስራሹ ውስጥ ግን ለስላሳና ትዕግሥተኛ የሆነ ድምፅ፣ «አትጠገብ» ብሎ ጠራት። ከዚያ ወዲህ በየቀትሩ ይጠራታል፤ እርሷም አትመልስም። እትዬ ዘርትሁን «ወይ በይውና ይብቃው» ይላሉ። እርሷ ዝም ባለች ቁጥር ግን፣ ልጁ በጉያዋ ውስጥ ሆኖ ሊመልስ ያለ ይመስል ቀስ ብሎ አንገቱን ወደ ሰገነቱ ቀና ሲያደርግ ታያለች። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ልጅ ተብሎ የተመለሰ «አቤት» ትእዛዙ ሳይሰማ የታሰረ ውል ነውና፣ ትመልስ ወይስ ዝም ትበል፣ እባክህ ምከራት።