ሥጋ ቤት የገባው ጋዝ

ስብሰባ ላይ አልናገርም። ለተጓዥ ቡድናችን የባሌ ተራራ ጉዞ ከባዱን የቤት ጋዝ ሲሊንደር እንሸከም ሲባል ግን ከአፌ አመለጠኝ።

«ሃይሌ ጋርመንት ገበያ ቀላል ምድጃ አይቻለሁ። በረጅም ቆርቆሮ ጋዝ ነው የምትሠራው።»

የጉዞው አስተባባሪ ያኤል ዞር ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ሌንሳ ትምረጥልን።»

ባሌ ላይ የምናድርበት የሳነቴ አምባ ላይ ሲነጋ ውኃ በረዶ ሆኖ ነው የሚገኘው። ምድጃዋ እዚያ እምቢ ካለች አሥራ አንድ ሰው ያለ ቁርስ ይቀራል፤ እኔም ሁለተኛ ሐሳብ አልሰጥም። ገዛኋት። አስጎብኚው የአክስቴ ልጅ ፍሮምሳ ደግሞ ቱሪስቶች የተዉለትን ሌላ ምድጃ ከነአጭር ድብልብል ቆርቆሮው አዋሰኝ።

ከመሄዳችን በፊት ሁለቱንም በብርድ ልፈትናቸው አሰብኩ፤ ብርዱን ግን ከየት ላምጣ? ሁዳዴ ስለሆነ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የጋሽ ዲንሳ ሥጋ ቤት ፍሪዘር ባዶውን ይሠራል። ሦስት ጊዜ በበሩ አልፌ በአራተኛው ገባሁ።

«ጋሽ ዲንሳ፣ እነዚህን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቀዘቅዙልኛል?»

ሁለቱን ቆርቆሮዎች አገላብጠው አዩ። «አጥንት የላቸውም አይደል?» ብለው ከተቷቸው።

በዘጠኝ ሰዓት ስመለስ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ተሾመችና ሁለት ተራ አስከባሪዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጋሽ ዲንሳ ነግረዋቸዋል። ፊቴ ጋለ። የገዛኋትን ምድጃ ከረጅሙ ቆርቆሮ ጋር ገጥሜ ላይተር ለኮስኩ። ትንፍሽ አላለችም። ደገምኩ።

«ይቺማ ጾም ይዛለች» አለች ተሾመች።

የፍሮምሳን ለኮስኩ። ቆርቆሮው ውርጭ ለብሷል፤ ነበልባሉ ግን ፍስስ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። ተራ አስከባሪዎቹ አጨበጨቡ፤ ጋሽ ዲንሳ ጀበና የምታክል ድስት ይዘው መጡ። ያኔ ነው የቆርቆሮዎቹን ጽሑፍ ማንበብ ትዝ ያለኝ፦ ረጅሙ ቡቴን ብቻ ነው፤ አጭሩ ብርድ የማይበግረው ፕሮፔን ተቀላቅሎበታል።

«ለመሆኑ አንቺ የመረጥሽው የቱን ነበር?» አሉ ጋሽ ዲንሳ።

«ጾመኛዋን።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቄ አላቆም ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሳላስብበት ያኤል ጋ ደወልኩ።

«ምድጃዋን ተሳስቻለሁ፤ ብርድ አትችልም! ደህናዋን አግኝቻለሁ!»

«ማን ልበል?» አለች። ድምፄን አላወቀችውም።

«ሌንሳ ነኝ። ሥጋ ቤት ነኝ።»

«በሁዳዴ?»

ድምፄን ሳልቀንስ ሁሉንም አስረዳኋት።

«ጥሩ፣ ደህናዋን እንይዛለን። ቁርሱንም አንቺ ትሠሪያለሽ።»

እንቁላል እንኳ ሳላሳርር ጠብሼ አላውቅም። «እሺ» አልኩ።