የጥርስ ሐኪሙ ቢጫ መኪና

"አቁሙ! ሞተሩ እያንኳኳ ነው!" አለች የመካኒኩ ልጅ ከኋላ ወንበር ሆና።

የሰማት የለም። ቢጫዋ መኪና በሦስተኛ ማርሽ ዳገቱን ትበላዋለች። መሪውን የያዘው የጥርስ ሐኪም ፊቱ ሳቅ በሳቅ ሆኗል። አጠገቡ የተቀመጠው መካኒክ "እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!" እያለ በሩን በመዳፉ ይመታል። ልጅቱ ጉልበቷ አገጯ ሥር ተወትፏል፤ የኋላው ወንበር የተሠራው ለሰው ሳይሆን ለቦርሳ ነው። የአባቷን ትከሻ ያዝ አድርጋ ደግማ ጮኸች።

"ምን አልሽ?" አለ ዞር ብሎ።

"ያንኳኳል አባዬ! ቤንዚን በረገጡ ቁጥር ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ያደርገዋል!"

"ዶክተር፣ ይሰማሃል?"

"ኧረ ምንም! እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው፤ ሰዓት በላት!"

"አየሽ? ሁለት ለአንድ።"

"በድምፅ ብልጫ አይደለም እኮ ሞተር የሚሠራው" አለች ልጅቱ፤ ይህንንም የሰማት የለም።

እንዲህ ያለች መኪና ዛሬ የሚሠራ የለም። ክብደቷ ሰባት መቶ ኪሎ አይሞላም። የፍጥነት መለኪያዋ መርፌ የለውም፤ ቁጥሩ ራሱ እንደ ክር ጥቅል ይሽከረከራል። ቁልፏ የሚገባው መሪው ሥር ሳይሆን በሁለቱ ወንበሮች መካከል ስለሆነ፣ አዲስ ሰው ሲቀመጥባት ሩብ ሰዓት ይደናበራል። የነደፋት መሐንዲስ እብድ ነበር ይላል መካኒኩ፤ ማድነቁ ነው። ያኔ አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለውን እብድ ደመወዝ እየከፈሉ የሚያኖሩ ትንንሽ ፋብሪካዎች ነበሩ። ከጫማ ሣጥን ብዙ የማትበልጥ መኪና ይሠሩና፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡራተር ሁለት ይገጥሙላትና፣ ትልልቆቹን ዳገት ላይ ስታሳፍር ቆመው ይስቃሉ። "የዛሬው ሁሉ አንድ እናት የወለደችው ነው" ይላል መካኒኩ። "ከኋላ ብታየው ያው፣ ከፊት ብታየው ያው። ቁጣ እንኳ የለውም።"

አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች በዓመት አንድ እሑድ ተሰብስበው ይህን ተራራ ይወጣሉ። ሐኪሙ እየነዳ፣ መካኒኩ አጠገቡ ተቀምጦ ሞተሩን እያዳመጠ፣ ሁለቱ ሃያ ሁለት ጊዜ ወጥተዋል። "ቀንስ" ሲለው ይቀንሳል፤ "ስጣት" ሲለው ይሰጣታል። የዘንድሮው ከነገ ወዲያ ነው። ስለዚህ ዛሬ ዓርብ ጠዋት ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ እንደ ልማዱ የጎማ ቱቦውን አንድ ጫፍ ተራ በተራ ካርቡራተሮቹ አፍ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ ደቅኖ የሁለቱን ትንፋሽ አስተካከለ። ቤንዚኑ የሚቀጣጠልበትንም ጊዜ አስቀደመላት፤ ጉልበት እንድታገኝ። ማሽን አይጠቀምም። የጋራዡን ኤሌክትሪክ ሥራ የምትይዘው ልጁ ናት፤ የእሷን ኮምፒውተር "ቴሌቪዥኑ" ይለዋል።

ጆሮው እየደከመ መሆኑን ጋራዡ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስልኩ ሲጠራ የሚጠቁሙት ሠራተኞቹ ናቸው። ለእሱ ግን ደፍሮ የነገረው አልነበረም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ለሙከራ ከወጡት ዳገት ወርደው ጋራዡ በር ላይ ሲቆሙ ልጅቱ ለሁለቱም በሚሰማ ድምፅ "አንድ ካንዴላ ፍታና እይ" አለች።

"ምን ሊገኝ?"

"እኔ ከዋሸሁ ምንም አይገኝም።"

መካኒኩ ተናደደ። ልጁ በሰው ፊት ስትፈትነው የመጀመሪያዋ ነበር። ኮፈኑን ከፈተ፤ ሞተሩ እንደ ጋለ እሳት የሚለኩሱትን አራቱንም ካንዴላዎች ፈታ። ሦስቱ ደህና ነበሩ። አራተኛውን ወደ ብርሃን አዞረው። ነጩ ሸክላ ላይ ከአሸዋ ያነሱ፣ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ነበሩ። ምን እንደሆኑ የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም። ፒስተኑ መቅለጥ ጀምሯል። ማንኳኳቱ የነካው ገና ቆዳውን ነው፤ እሑድ ዳገቱን እስከ ጫፍ እንዲህ ቢወጡ ግን ይበሳዋል። ፋብሪካው ከተዘጋ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። አሁን ውስጧ ያሉትን ፒስተኖች ሐኪሙ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲጽፍ ኖሮ ነው አውሮፓ ካለች የአንድ ሟች መካኒክ ሚስት መጋዘን ያስመጣቸው። ሌላ የለም። እነዚህ ካለቁ መኪናዋ የሳሎን ጌጥ ናት።

ሐኪሙ ሁለት እርምጃ ርቆ ፎጣ ላይ እጁን እየጠረገ ነበር። መካኒኩ አውራ ጣቱን ሸክላው ላይ አሳረፈ። አንድ ጊዜ ቢያሸው ነጠብጣቡ ይለቃል። ልጁ ታየዋለች።

"ዶክተር" አለ። ካንዴላውን ዘረጋለት። "ና እየው። ልጄ ልክ ናት።"

ሐኪሙ ካንዴላውን ተቀብሎ የበሰበሰ ጥርስ እንደሚያይ አስጠግቶ አየው። ፊቱ ተቀያየረ።

"ደህና ናት አልከኝ እኮ።"

"አልሰማሁም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከቆየ ነው። ቀጭን ድምፅ አይሰማኝም። ዛሬ ጠዋት እንኳ በቱቦው የሰማሁት ይሁን የገመትኩት እንጃ።" አፈረ፤ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ። "አንተስ? አንተ የምትነዳው ሰውዬ እንዴት ሳይሰማህ ቀረ?"

ሐኪሙ ፎጣውን አጠፈው። ዘረጋው። መልሶ አጠፈው።

"አርባ ዓመት በሚጮኽ መሰርሰሪያ ጥርስ ስቦረብር ኖሬ ምን ጆሮ ይኖረኛል?" አለ። "ታካሚ 'ወይኔ' ሲል እንኳ የማውቀው እግሩ ሲወራጭ ነው። እኔ አንተን አምኜ እኮ ነው 'ሰዓት በላት' ያልኩህ።"

"እኔ ደግሞ አንተ 'ሰዓት በላት' ስላልክ ነው የተረጋጋሁት።"

"ወይ ጉድ!" አለች ልጅቱ። "ሁለት ደንቆሮ—" አፏን ያዘች። "ይቅርታ ዶክተር፣ አምልጦኝ ነው።"

"ምን አልሽ?" አሉ ሁለቱም እኩል።

መጀመሪያ የሳቀው ሐኪሙ ነበር። መካኒኩ ግን ቶሎ አልሳቀም። እሑድን እያሰበ ነበር። መስማት ካልቻለ እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ምን ሊያደርግ ነው?

ልጅቱ ወደ ዕቃ መደርደሪያዋ ሄዳ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብረትና አንዲት ቀይ መብራት ይዛ ተመለሰች። ብረቱ ሞተሩ ላይ ይታሰራል፤ ማንኳኳቱን ሲሰማ መብራቷ ትበራለች። ነጂው እግሩን ከቤንዚኑ ያነሳል። አለቀ። እስከ ማታ ትጨርሰዋለች፤ አባቷም ጠዋት አለልክ ያስቀደመውን፣ ማንኳኳቱን ያመጣውን የመቀጣጠያ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል።

"ፋብሪካው ያላስገባው ሽቦ እዚህች መኪና ውስጥ አይገባም ብለሃል" አለች። "አምና ብለሃል፣ ካቻምናም ብለሃል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አልኩህ፣ ተቆጣህ።"

"ደግሞ ለዶክተር መኪና ዶክተርን ጠይቂ እንጂ" አለ መካኒኩ።

"እኔ እሱ ያለውን" አለ ሐኪሙ።

መካኒኩ ካንዴላውን ከሐኪሙ ተቀብሎ አንዴ ደግሞ አየው። ከዚያ "ግጠሚው" አለ።

ልጅቱ በአንድ እጇ መሰርሰሪያ፣ በሌላው መብራቷን ይዛ መኪናዋ ውስጥ አጎነበሰች። "የት ላድርጋት? በነጂው በኩል ወይስ ባንተ በኩል አባዬ?"

"በሱ በኩል!" አለ ሐኪሙ ፈጠን ብሎ። "እኔ መንገድ ስመለከት መብራት አላይም። እሱ ይይልኝ፤ እንደ ድሮው 'ቀንስ' ይበለኝ።"

መካኒኩ ገባው። ሰውዬው ወንበሩን ሊያተርፍለት ነው። እሺ ለማለት ትንሽ ቀርቶት ነበር።

"አይሆንም" አለ። "እኔ አይቼ እጮሃለሁ፣ አንተ አትሰማኝም፣ 'ምን አልክ?' ስትለኝ እኔ አልሰማህም። እስክንግባባ ፒስተኑ ቀልጦ ያልቃል።"

ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በሹፌሩ በኩል፣ ከሚሽከረከረው ቁጥር ጎን፣ ትንሽ ክብ ሠራ።

"እዚህ ብሺው።"

ልጅቱ እርሳሱ የነካውን ቦታ አየች፤ አባቷን አየች። "እና አንተ ምን ልትሠራ ትሄዳለህ?"

"ተራራውን አያለሁ" አለ። "ያምራል ይላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የወጣሁት።"